ጋሼን ከታክሲ የሚያስወርደው ዘፈን

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። የጋሼን ደግነት ሌሎች ይጽፉታል፤ እኔ የማወራው ስለ አንድ ዘፈን ነው።

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ አንድ የድሮ የአሜሪካ ካንትሪ ዘፈን ይወድ ነበር። አንድ ሰውዬ በአንድ ጊታር ቤቱን እየናፈቀ ያንጎራጉራል፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ያንን ዘፈን ያልነካካው ዘፋኝ የለም። በሬጌ አበላሹት፣ በኪቦርድ አበላሹት፣ የአማርኛ ግጥም ለጥፈውም አበላሹት። ታክሲ ውስጥ ከእነዚህ አንዱ ከተከፈተ ጋሼ "ወራጅ አለ!" ብሎ ይጮሃል። ገና መካኒሳ አቦ ቢሆንም ይወርድና ጎፋ ቤቱ ድረስ በእግሩ ይሄዳል።

"ሰውየው እያለቀሰ የዘፈነውን እነዚህ ይጨፍሩበታል!" ይላል።

ሚስቱ እትዬ "እግሬን ጨረስከው" እያለች ትከተለዋለች።

ለአርባው ቤቱ ተሰበሰብን። ልጁ የጋሼን ፎቶዎች በቪዲዮ አቀናብሮ በቴሌቪዥን ከፈተልን። ከጀርባው ያ ዘፈን ይሰማል፤ ያውም ከበሮ የተጨመረበት!

"ዋናውስ የታለ?" አልኩት።

"እሱማ አርጅቷል፣ ድምፁ አይጠራም። ይሄ ይሻላል።"

ይሻላል! ገና በአርባ ቀኑ አባቱን ረሳው። ሰው ሁሉ እንባውን ይጠርጋል፤ የጋሼ ወንበር ግን ባዶ ነው፤ በቁጣ ከዚያ ላይ የሚነሳ የለም። ደሜ ፈላ። ከሰው መሃል ብድግ ብዬ "ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ።

አንዷ "ሐዘን ነው፣ ያዟት" ስትል ሰማሁ። በሩ ጋ ስደርስ ከኋላዬ የእትዬ ድምፅ መጣ።

"ቆዪኝ፣ ጫማዬን ላድርግ።"