ማድ ቤቱን አሳዩኝ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ አልማዝ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ማንጎ እየላጠች ነበር፤ ልጣጩ ከቢላዋው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

«የምሕረት እናት፣ ነገ ጠዋት ሳሎንሽን ታውሺኛለሽ?»

ልጇ ሶስና ውጭ አገር ለሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አመልክታለች። ነገ በስልክ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ቃለ መጠይቅ ያደርጉላታል። በእነሱ ቤት ኔትወርክ መጣ ሲሉት ይጠፋል። የእኔ ሳሎን ግን በመስኮቱ በኩል ደህና አድርጎ ይይዛል፤ ሲቀላ በሚባለው ሰፈራችን ይህን የማያውቅ የለም።

«ሳሎኑ የአንቺ ነው» አልኳት።

«ምን ላልብሳት? ምን ላቅርብ? እኔስ የት ነው የምቀመጠው?»

የመጨረሻውን ጥያቄ ስትጠይቅ ሳቄ አመለጠኝ። አልማዝ ተቀየመችኝ መሰለኝ። ግን በእሷ አልሳቅሁም። በዚያችው ሳሎን፣ በዚያው መስኮት ሥር፣ ከስልኩ ፊት እንደ ሚዜ ተኮፍሳ የተቀመጠች አንዲት ሴት ትዝ ብላኝ ነው።

ያን ጊዜ ልጄ ምሕረት አሥረኛ ክፍል ነበረች። የበልጉ ዝናብ ገና አላባራም፤ ከግቢያችን የሽፈራው ዛፍ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ መምህር ታምሩ ጫማው ጭቃ እንደያዘ ቤታችን መጣ። ባለቤቴ ሽመናው ላይ ነበር፤ መወርወሪያውን አቁሞ ቀና አለ። መምህሩ ከሌላ አገር የሚመጡ ልጆችን ሙሉ ወጪያቸውን ችለው የሚያስተምሩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች እንዳሉ፣ ምሕረት ብትሞክር እንደሚሳካላት አስረዳን።

ባለቤቴ ወሬ አያበዛም። «ትሞክር» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። የመወርወሪያው ድምፅ እንደገና ሲጀምር ለእሱ ነገሩ ተቆርጧል ማለት ነው። ለእኔ ግን ገና መጀመሩ ነበር።

እኔ የተማርኩት ጨንቻ፣ እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። ትምህርቴ ለማንበብ ይበቃኛል፤ የሚያነብ ሰው ደግሞ የሚፈራው ነገር ይበዛለታል። ልጅቷ ገረሴ ለሠርግ ስትሄድ እንኳ መኪናው ደርሷል እስኪሉኝ ድረስ እህል አይወርድልኝም። አሁን ደግሞ ባሕር ተሻግራ ልትሄድ!

መምህር ታምሩ ለእሷ የሚስማሙ ብሎ ሁለት ትምህርት ቤቶች መረጠ። አንደኛው አውሮፓ ውስጥ፣ ባሕር ዳር ነው፤ ሕንጻው በሙሉ መስታወት። ሁለተኛው ሕንድ አገር፣ ተራራ ላይ። ምሕረት ልቧ መስታወቱ ጋ ነበር። በስልኳ ፎቶዎቹን ታሳየኛለች፦ ልጆች ሣር ላይ ተቀምጠው ይስቃሉ፣ ልጆች መጽሐፍ ይዘው ይስቃሉ፣ ልጆች ውሃ ውስጥ ሆነው ይስቃሉ።

«እማዬ፣ አያምርም?»

«ያምራል። ማድ ቤቱ የታለ?»

«የምን ማድ ቤት?»

«የምትበይበት ነዋ! ማን ነው የሚያበስለው? በሩን ማታ ማን ነው የሚዘጋው? ስትታመሚ ማን ጋ ነው የምትሄጂው?»

እኔ ጥጥ ስገዛ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን አላይም። ከአፉ ላይ ምንጊዜም ነጩ ነው የሚቀመጠው። እጄን ወደ ታች ሰድጄ ከሥር እመዛለሁ፤ በጣቴ ጠምዝዤ ክር ሊወጣው ይችል እንደሆነ አያለሁ። የሚስቅ ልጅ ፎቶ ለእኔ የጆንያው አፍ ነው።

«ጻፊላቸው» አልኳት። «እናቴ ማድ ቤቱን አሳዩኝ ብላለች በይ።»

«እማዬ፣ ይስቁብኛል! ትልቅ ትምህርት ቤት እኮ ነው።»

«ትልቅ ከሆነ ማድ ቤቱም ትልቅ ነዋ። ጻፊ።»

ስታለቅስ ዋለች። አባቷ ከሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ «ጻፊላት፤ ያለዚያ እኛም አንተኛም» አላት። አፍራ፣ ተናዳ፣ ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች በኢሜይል ጻፈች።

የመስታወቱ ትምህርት ቤት በማግሥቱ መለሰ። ያንኑ የሚስቁ ልጆች ፎቶ መልሶ ላከልን። ከተራራው ግን ለጥቂት ቀናት ድምፅ ጠፋ፤ ምሕረትም «ይኸው! አበላሸሽብኝ» እያለች አኮረፈችኝ። ከዚያ አንድ ፎቶ መጣ። ነጭ ቆብ ያደረገ ወፍራም ሰውዬ፣ በርሜል ከሚያህል ድስት አጠገብ፣ ትልቅ ጭልፋ ይዞ ቆሟል። አይስቅም። እንዲያውም ከሥራው መሃል የጠሩት ሰው ፊት ነው ያለው። ከኋላው መስኮት አለ፤ በመስኮቱ ተራራ፣ በተራራው ላይ ደግሞ ጭጋግ ይታያል፤ ከዶርዜ በላይ መኪናው ሲጠማዘዝ ቀርከሃውን የሚውጠው ዓይነት ጭጋግ።

ፎቶውን ብዙ አየሁት። «ይህን ሰው አምነዋለሁ» አልኩ። ምሕረትም ሳትወድ ሳቀች። ለተራራው አመለከተች።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው።

በእኛ ዘንድ ሰዎች ልጅ ለትዳር ሊጠይቁ ሲመጡ ልጅቱ አትናገርም። ዓይኗን ወደ መሬት ትጥላለች፤ ስለ እሷ የሚናገረው ትልቅ ሰው ነው። ራሷን የምታሞግስ ልጅ ቤተሰቧን ታሳፍራለች። ታዲያ እነዚህም ሰዎች ልጄን ሊወስዱ አይደል የመጡት? በስልክ ይምጡ እንጂ እንግዶች ናቸው። ስለዚህ እንደ ወጉ አዘጋጀሁ። ሳሎኑን አጠብኩ፤ ከወንበሯ ኋላ አባቷ የሸመነውን ጋቢ ሰቀልኩ። ጠረጴዛው ላይ የተቀቀለ ድንች በዳጣ፣ ከበቆሎ ዱቄትና ከጎመን የተሠራ ፎሰሴ፣ ከጨንቻ የመጣ ፖም ደረደርኩ።

«ደግሞ በስልክ ይበላሉ?» አለ ባለቤቴ።

«ቤቱ ባዶ እንዳልሆነ ይዩ!»

ምሕረትንም መከርኳት። «አንገትሽን ደፋ አድርጊ። ምን ታውቂያለሽ ካሉሽ ትንሽ ነው የማውቀው በይ። ስለ ራስሽ ብዙ አታውሪ። የቀረውን እኔ እናገራለሁ።» እሺ አለች። ልጄ በትንሹ ትከራከረኛለች፤ በትልቁ ግን ታዛዥ ናት።

ስልኩ ሲከፈት ሦስት ሰዎች ታዩ፦ ሁለት የውጭ ሰዎችና ከአዲስ አበባ ሆና የተቀላቀለች አንዲት ሐበሻ ሴት። እኔ ከልጄ አጠገብ፣ ምናልባትም ከእሷ ትንሽ ቀደም ብዬ ተቀምጫለሁ። ምሕረትን አንድ ነገር ጠየቋት። እሷ መሬት መሬት አየች። እኔም በአማርኛ ጀመርኩ፦ ልጄ ጨዋ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን በመዘምራን ውስጥ ታገለግላለች፣ ምግብ አታማርጥም፣ ብርድ ግን አትችልም...

ሐበሻዋ ሴትዮ ፈገግ አለች። «እናቴ፣ በጣም እናመሰግናለን። አሁን ግን ልጅቷን ብቻዋን ብናነጋግራት ደስ ይለናል።»

ወጣሁ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል። ከመስኮቱ ውጭ፣ ማንጎው ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እጄ ባዶውን መቀመጥ አያውቅምና እንዝርቴን አነሳሁ። ክሩ ተበጠሰ። ቀጠልኩት፤ ተበጠሰ።

መስኮቱ ክፍት ነበር። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ዝምታ ግን አውቃለሁ። እነሱ ረጅም ይጠይቃሉ፤ ልጄ አጭር ትመልሳለች። እንደገና ይጠይቃሉ፤ እንደገና አጭር። ድምፅዋ ከመሬት ነው የሚመጣው። አንገቷን እንደደፋች ገባኝ። እኔ ያልኳትን ቃል በቃል እየፈጸመች ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ስለ እሷ የሚናገርላት ሰው አይፈልጉም፤ ራሷን ነው የፈለጉት። እኔ ለሠርግ አዘጋጀኋት፤ ጥሪው ግን ለሌላ ነገር ነበር።

መግባት አልችልም፤ አስወጥተውኛል። ዝም ብልም ልጄ በእኔ ምክር ልትቀር ነው። ተነሳሁ፤ እንዝርቱ ጭቃው ላይ ወደቀ። እንግዶቹ እንዳይሰሙኝ ብዬ በጋሞኛ ጮኽኩ፦

«ምሕረት! ያልኩሽን ተይው! ቀና በይ! እኔን እንደምትከራከሪኝ ተናገሪ!»

እንግዶቹ ጋሞኛውን ባይረዱትም ጩኸቱን ሰምተዋል ለካ። ሐበሻዋ ሴትዮ አንድ ነገር ጠየቀች። ምሕረት መጀመሪያ ትንሽ ሳቀች፤ ቀጥላ በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው፤ እነሱም ሳቁ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ፤ ልጄም መናገር ጀመረች።

እንዲህ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። አንዳንዴ ትፈጥናለች፣ ቆም ብላ ታስባለች፣ አይደለም የምትልም ይመስለኛል። ያ ድምፅ ከየት መጣ? የወለድኳት ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ግን ለእኔ አዲስ ነበር። ከሚፈሰው እንግሊዝኛ መሃል የማውቃቸው ቃላት ብቅ ይሉልኛል፦ ጨንቻ። አባያ። ከዚያ «እማዬ»። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «እማዬ»። በማላውቀው ቋንቋ ውስጥ ስሜን ስሰማ እንባዬ መጣ።

ስትወጣ ጉንጯ ቀልቷል። ድንቹን በዳጣ እያጠቀሰች ቆማ በላች።

«ስለ እኔ ምን አልሻቸው?»

«ትምህርት ቤታችንን እንዴት መረጥሽ አሉኝ። እናቴ ማድ ቤታችሁን ካላየሁ ብላ ነው አልኳቸው። እንደማፍርብሽም፣ እንዳለቀስኩም ነገርኳቸው። አሁንስ ምን ታስቢያለሽ ሲሉኝ...» ሌላ ድንች አነሳች።

«ሲሉሽ?»

«ልክ ነበረች አልኳቸው። እኔም ከእንግዲህ ማድ ቤቱን ሳላይ የትም አልገባም አልኩ።»

ባለቤቴ ከሽመናው ላይ «ድንቹን ለእኛም አትርፉ» አለ። ለእሱ ይህ ብዙ ንግግር ነው።

ተቀበሏት። የሄደችው ማንጎ መብሰል ሲጀምር ነው። እስክትደርስ የቆጠርኩትን ጭንቀት አልጽፈውም። መጀመሪያ የደወለችልን ግን ከማድ ቤቱ ነው። ስልኩን አዙራ ሰውዬውን አሳየችኝ። ያው ቆብ፣ ያው ጭልፋ፣ ያው የማይስቅ ፊት። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሰላም አልኩት። እሱም ጭልፋውን ከፍ አደረገልኝ። ያን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ።

አሁን ምሕረት ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ከዚህ የራቀ ሌላ አገር። ሳስብላት እስከ ዛሬ ክር ይበጠስብኛል፤ ፍርሃቴ አልጠፋም፣ እንዲጠፋም አልጠብቅም። እሱ ባይኖር ማድ ቤቱን አልጠይቅም ነበር። ብቻ የት መቀመጥ እንዳለበት ተምሬለታለሁ።

አልማዝን እንዲህ አልኳት፦ «ድንች አትቀቅይ። ሶስና የወደደችውን ትልበስ። አንቺ ከእኔ ጋር ውጭ ነሽ፣ ማንጎው ሥር።»

«እንዴት አድርጌ ነው ውጭ የምቀመጠው?» አለች፤ ገና ካሁኑ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

ለነገ የምንፈትለው ባዘቶ አዘጋጅቻለሁ። በርጩማዎቹን ከመስኮቱ ራቅ አድርጌ አስቀምጫለሁ፤ በጣም ግን አላራቅኳቸውም። እንዝርቱም ሁለት ነው።