ጋሼ ይቅደሙ

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ከሊጉ መባረራችን አይደለም ያናደደኝ፤ ሽንፈትማ ለምደነዋል። ያናደደኝ በጋውን ሙሉ ሁላችንም እያወቅን አፋችንን መዝጋታችን ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ የሐበሻ የክሪኬት ቡድን ነበረን ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። አብዛኞቻችን ዱባይና ጅዳ ስንሠራ ከፓኪስታኖች የተማርነው ጨዋታ ነው፤ እዚህ መጥተን መጋዘን ሥራ ከገባንም በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰባሰብን ቀጠልንበት። ቡድኑን ያቋቋሙት አንድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ስልሳን ተሻግረዋል፣ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ኳሱን የምንመታበትን ባት የገዙት እሳቸው፣ ሜዳውን ያስፈቀዱት እሳቸው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ «ጋሼ ይቅደሙ» ተባለ፤ ለምሳ እጅ የምንታጠብ ይመስል።

ክሪኬት ላይ መቅደም ግን ክብር አይደለም። ቀድመው ባት ይዘው የሚገቡትን ሁለት ሰዎች የሚጠብቃቸው አዲስ ኳስ ነው። አዲስ ኳስ ማለት ድንጋይ ነው፤ ወርዋሪውም ገና አልደከመም። እነሱ ካልቆዩ የሚከተለው ሁሉ ይረግፋል። ጋሼ ደግሞ አይቆዩም። ባቱን ከፍ ሳያደርጉ ኳሱ ከኋላቸው የተተከሉትን እንጨቶች ይበትናቸዋል፤ በቃ፣ ወጡ። አብሯቸው የሚገባው እዚህ የተወለደ፣ እዚሁ ኮሎምበስ ዳር ደብሊን የሚባል ቦታ ቢሮ የሚሠራ ልጅ ነው፤ እሱም ጓደኛው ሲወጣበት ይደነግጥና ይከተላቸዋል።

ካፕቴኑ እኔ ስለሆንኩ ማን ይቅደም፣ ማን ይከተል የሚለው ጣጣ የእኔ ነበር። የመጨረሻውን ጨዋታ ከተሸነፍን ከሊጉ እንወጣለን። ኢስተን በሚባለው ሰፈር ሆቴል የሚሠራ አንድ ተጫዋቻችን ሳምንቱን ሙሉ ብሬክ በወጣ ቁጥር ኮል ሲያደርግልኝ ከረመ።

«ጋሼን ከፊት አንሳልን እንጂ! ቡድኑን ገደሉት እኮ።»

«አንተ ለምን አትነግራቸውም?»

«እኔማ እንዴት ብዬ? የአባቴ እኩያ ናቸው!»

የእኔ አባት እኩያ ያልሆኑ ይመስል። የደብሊኑም ልጅ «ብሮ፣ ጀስት ቴል ሂም» አለኝ፤ በቃ ንገራቸው ማለቱ ነው። ጀስት! ለእሱ አንድ ሽማግሌን ይውረዱ ማለት ኢሜይል እንደመላክ ነው።

በጨዋታው ቀን ፓርኪንግ ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። «ጋሼ፣ የዛሬዎቹ ወርዋሪዎች ትንሽ ፈጣን ናቸው፤ እና ምናልባት...» እያልኩ ዳር ዳር ስል ቆም ብለው አዩኝ።

«ከፊት ልታወርደኝ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አልሃምዱሊላህ!» አሉ። ሸሚዛቸውን ገለጥ አደረጉ። ጎናቸው በልዟል። «ይህን ኳስ እፈራዋለሁ፤ ወላሂ እፈራዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ሁላችሁም ይቅደሙ ስትሉ እምቢ ብዬ ፈሪ ልባል? ደግሞ እናንተም የምትፈሩ መስሎኝ ነበር።»

በቀጥታ ወደ ኢስተኑ ሰው ሄድኩ። «በል፣ ዛሬ አንተ ትቀድማለህ።»

«እኔ? ጋሼ እያሉ? ነውር አይደለም እንዴ?»

ሌላውን ጠየቅሁ፤ ጉልበቱን ያዘ። ሌላው የታሰረ ጫማውን ጎንበስ ብሎ ማሰር ጀመረ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ለካ አክብሮት የምንለው ይሄ ነው! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት! አንድ ሽማግሌ ጀርባ ተደብቀን ታላቅ ይቅደም ስንል ከረምን። ጮህኩባቸው። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ተጋጣሚዎቻችን እንኳ አማርኛ የሚሰሙ ይመስል ዞር ዞር ብለው አዩን።

ዘወር ስል ጋሼ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እግር ላይ የሚታሰረውን ፓድ እያጠበቁ ነው።

«ተወው ልጄ፣ ሰው አታስቀይም» አሉኝ። «እኔ ለምጄዋለሁ።»

ይሄ ከሁሉም ባሰብኝ። ተንበርክኬ ፓዱን ከእግራቸው ላይ ፈታሁት። የራሴ እግር ላይ አሰርኩትና ከደብሊኑ ልጅ ጋር ገባሁ።

የመጀመሪያው ኳስ ጎኔ ላይ አረፈ። ትንፋሽ አጣሁ። ወርዋሪው ሁለተኛውን ይዞ ሲንደረደር ማየቴን አስታውሳለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሰማሁት እንጨቶቹ ሲበተኑ ነው።

ስመለስ ሁሉም ቆመው አጨበጨቡልኝ። «አይዞህ! እንዲህ ያለውን ኳስ ማንም አይችለውም!» አለ የኢስተኑ ሰው። ባቱን እሱ ላይ ላሳርፍበት ምንም አልቀረኝም።

ጋሼ አላጨበጨቡም። በፌስታል በረዶ ቋጥረው ጎኔ ላይ ያዙልኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ዓይንህን ጨፈንክ» አሉኝ። «እኔ እንኳ አንድም ቀን ጨፍኜ አላውቅም።»