ዐሥር ኤክስም ተራ አለው

ሰመራ ለትምህርት በሄድኩበት የመጀመሪያ ዓመት የካልኩለስ ሚድ ፈተና ጉድ ሠርቶኝ ነበር። ፋይናሉም እንደዚያው ከሆነ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወደ አዋሽ መመለሴ ነው። እናቴ እዚያ ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔን ለማስተማር ዓይኗ እስኪደክም የሰፋች።

የሚጥለኝ ሁለተኛው ዴሪቬቲቭ ነበር። ኤክስ ስኩዌር ሲደመር አንድ በቅንፍ፣ ኃይሉ አምስት። የመጀመሪያውን በቼይን ሩል ከውጭ ወደ ውስጥ እየገባሁ አወጣዋለሁ፤ ዐሥር ኤክስ ሲባዛ በቅንፉ፣ ኃይሉ አራት። ድገሚው ስባል ግን ቅንፉ ላይ ብቻ እረባረብና ዐሥር ኤክስን እንዳለ እተወዋለሁ። ከመልሱ ሁልጊዜ አንድ ቁራጭ ይጎድላል። እኔ ደግሞ ቶሎ የምበግን ሰው ነኝ፤ መጽሐፉ ነው የተሳሳተው ብዬ ድርቅ አልኩ።

የዶርም ጓደኛዬ ከሚሌ ወጣ ብሎ ካለ አርብቶ አደር ቤተሰብ የመጣች አፋር ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ቬንትሌተሩ ፊት ወለሉ ላይ ተቀምጠን፣ ስሌቴን አየችና ሳቀችብኝ።

«አዋሽ አድገሽ ዳጉ አታውቂም?»

ዳጉንማ ማን ያጣዋል! ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ያየውን የሰማውን ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው ያዳምጣል፣ ከዚያ ተራው ይዞራል።

«ይኸው፣ እነዚህ ሁለቱ ተገናኝተዋል» አለች በእስክሪብቶዋ እየጠቆመች። «ቅንፉን ጠየቅሽው፣ ነገረሽ። ዐሥር ኤክስስ? እሱም እኮ ኤክስ አለበት፤ ወላሂ ወሬ አለው! አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳለ ይቀመጥ። ከዚያ ተራ ይለዋወጡ። የሁለቱን ወሬ ደምሪ።»

እንዳለችው አደረግሁ። የጎደለው ቁራጭ ከች አለ። አቅፌ ሳምኳት። ፋይናሉ ላይ የዚያው ዓይነት ጥያቄ መጣና አለፍኩ።

ለእረፍት አዋሽ ስገባ እናቴ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ «እንዴት ነሽ?» አለችኝ። ሴሚስተሩን ሙሉ በስልክ «ደህና»፣ «ደህና» ተባብለን ነበር የምንዘጋው። ያን ቀን ግን ቁጭ ብዬ መውደቄን፣ መፍራቴን፣ ማለፌን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ «አሁን ተራው ያንቺ ነው» አልኳት።

እናቴ ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመች።

«እኔም የማታ ትምህርት ጀምሬያለሁ» አለች እያፈረች። «ስምሽን መጻፍ ችያለሁ።»

ያቺን የሚሌ ልጅ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። እሷ ባትኖር እናቴንም እንዳለች ነበር የምተዋት።