የጥሩሸዋ መደርደሪያ

ጥሩሸዋ ራቤል ከተማ ውስጥ ለብዙ ዘመን አማርኛ አስተምራለች። እንቅርቷን በቀዶ ሕክምና ካስወጣች በኋላ ግን ድምጿ ሻከረ፤ ተማሪ መቆጣጠር ሲያቅታት ወደ ከተማዋ ቤተ መጻሕፍት ተዛወረች። የመጀመሪያውን ሰሞን አኩርፋ ነው የሰነበተችው። ቆይታ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። “ስለ ተፈጥሮ የተጻፈ ስጭኝ” የሚል አንባቢ በመጣ ቁጥር ቤቱን ስትዞር ትውላለች፤ አንዱ መጽሐፍ ግብርና ውስጥ፣ ሌላው ጂኦግራፊ ውስጥ፣ ሌላው ልብ ወለድ መሃል ተሸጉጧል።

አንድ መደርደሪያ አሠራችና ሁሉንም ሰብስባ “የተፈጥሮ ጽሑፍ” ብላ ሰየመችው። ጭቅጭቁም ያኔ ተጀመረ።

የባዮሎጂ መምህሩ በኃይሉ አንድ የጉዞ ማስታወሻ መዝዞ፣ “እትዬ፣ ይሄ እኮ የሰውዬው ትዝታ ነው። የተፈጥሮ ጽሑፍ ማለት ተጠንቶ የተረጋገጠው ነው” አላት።

ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ ይሥሐቅ ደግሞ፣ “ፈጣሪን ሳይጠራ ስለ ፍጥረት የሚያወራው ምኑን ጽሑፍ ሆነ?” አሉ።

ሁለቱም የቤተ መጻሕፍቱ ኮሚቴ አባላት ነበሩ። መደርደሪያው ይፍረስ የሚል ሐሳብ ሲነሣ ጥሩሸዋ፣ “መጀመሪያ በሕዝብ ፊት ላንብብላችሁ” አለች።

በገበያ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በዚያ ሻካራ ድምጿ ሦስት ጽሑፍ አነበበች፤ ሦስቱም ስለ ውርጭ ናቸው። አንደኛው ውርጭ ቡቃያን እንዴት እንደሚገድል ያስረዳል። ሁለተኛው ጓሳ ተራራ ላይ ማለዳ መንገድ የጠፋበት ተጓዥ ያየውን ይናገራል። ሦስተኛውን የጻፈችው ገብሷ ተቃጥሎባት የከረመች የቀየት አካባቢ ሴት ናት። እሱ ሲነበብ ከኋላ የተቀመጡት ገበሬዎች አንገታቸውን ደፉ።

“እንግዲህ የቱ ይውጣ?” አለች ጥሩሸዋ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “የሴትዮዋ ፈጣሪን አንዴም አልጠራም። ይውጣ ለማለት ግን አፌ እንቢ አለኝ።”

በኃይሉም፣ “ሦስቱም ይቆዩ። ግን በየወገናቸው ይለዩ” አለ።

“እሱን ነው የምፈልገው!” አለች። የላይኛው ረድፍ ተፈጥሮን አጥንተው ለሚያስረዱ፣ የመሃሉ ዞረው ላዩ፣ የታችኛው አብረውት ለኖሩ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበች። መሪጌታ ለምስጋና መጻሕፍት ከሁሉም በላይ የሚሆን አራተኛ ረድፍ ጠየቁ፤ በደስታ ፈቀደች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ዛሬ ከዘመሮ ከተማ ድረስ አንባቢ ይመጣል። ባለፈው ሰሞን በኃይሉ ራሱ በእናቱ ደጅ ስለበቀለ የጅብራ ተክል የጻፈውን ይዞ መጣ።

“የት ላስቀምጠው እትዬ?”

“አንተው ምረጥ።”

ትንሽ አመነታና ጎንበስ ብሎ ከታችኛው ረድፍ ሸጎጠው። ጥሩሸዋ መደርደሪያው ጢም ብሎ መሙላቱን አይታ እየሳቀች ወጥታ ሌላ መደርደሪያ እንዲሠራላት አናጢውን አስጠራች።