የትርንጎ ሹራብ

የልጅ ልጄ ሺራ የወታደርነት ጊዜዋን ጨርሳ፣ ከጓደኞቿ ጋር አውሬ ለማየት ወደ ታንዛኒያ ልትሄድ ስትሰናዳ፣ እስራኤል አገር አፉላ ከተማ ባለው ቤቴ ወለል ላይ ተቀምጣ የፀሐይ ቅባት ከፈተችና ክንዷን አሸችው። ሽታው ሲደርሰኝ የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። እንደ አበባም እንደ ዘይትም የሚለውን ያን ሽታ ሃምሳ ዓመት ስሸሸው ኖሬያለሁ፤ ልጆቼ በልጅነታቸው ባሕር ሊዋኙ ሲሄዱ እንኳ ራሴን አሞኛል እያልኩ ቤት እቀር ነበር።

«ይሄ ሁሉ ልብስ ለማን ነው?» አልኳት፣ አጠገቧ የተከመረውን እያየሁ።

«ለካምፑ ሠራተኞች ነው፣ ሳብታ። ስንለቅ ጉርሻም ስጦታም እንሰጣለን፤ ልማዱ እንደዚያ ነው» አለችኝ። አያቴ ማለቷ ነው፤ የምትጠራኝ በዕብራይስጥ ነው።

ልማዱን ከአንቺ በፊት አውቀዋለሁ አላልኳትም።

እኛ የምንኖረው ከስሜን ተራሮች ግርጌ ነበር። ክረምት ክረምት አባቴ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጠ ቤት ይውል ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ሲጠነክር ግን፣ ዋልያ ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆች ወደሚሰፍሩበት ካምፕ ወጥቶ፣ ድንኳን እየተከለና የተሰበረ ዕቃ እየጠገነ በጋውን ይሠራ ነበር። ቤተ እስራኤል ስለሆንን የካምፑን ወጥ አይቀምስም፤ ስለዚህ ምሳውን በአገልግል ይዤ አቀበቱን የምወጣው እኔ ነበርኩ። ማታም ወንዝ ወርዶ ገላውንና ልብሱን ሳያጥብ ቤት አይገባም ነበር፤ ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ ውኃ ሳይነካው ደጃችንን አያልፍም።

ጥቅምት ላይ ፈረንጆቹ መምጣት ሲጀምሩ የካምፑ አለቃ የአቶ ውብነህ ሕግም አብሮ ይጀምር ነበር። ፈረንጅ ለማንም ይስጥ ለማን፣ ስጦታው ሁሉ አንድ ሸራ ላይ ተሰብስቦ በዕጣ ይከፈላል። እያንዳንዱ ሠራተኛ ጠጠር ወይም ቁልፍ ወይም ስንጥር በአቶ ውብነህ ባርኔጣ ውስጥ ይጥልና፣ የትኛው የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው እያነሣ በየስጦታው ላይ ያስቀምጠዋል። ያን የማደርገው እኔ ነበርኩ። «ነይ እስቲ የባለ እጅ ልጅ» ይለኝ ነበር፤ «ግን ዓይንሽን ወደ እኛ አታዙሪብን።» ሰዎቹ ይስቃሉ፣ አባቴም አብሯቸው ይስቃል። ያን ሳቁን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።

ኅዳር ገብቶ ውርጩ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው፣ ውኃ ቀጂዋ እትየ ትርንጎ በአንድ ነጠላ እየተንቀጠቀጠች ከምንጩ ትመላለስ ነበር። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች በዚያ ሥራ የምታሳድግ ሴት ነበረች። ውኃ ስጠይቃት በመጠጫ ቅሏ አታጠጣኝም፤ ሁለት እጄን አጋጥሜ ስዘረጋ ከላይ ታንቆረቁርልኝ ነበር። ቡዳ ነበር የሚሉን፣ ዕቃዋን እንዳልነካባት ነው። እኛም በእነሱ ዕቃ እንደማንጠጣ ልብ ሳልል ቂም ቋጠርኩባት።

በጥር አንድ ቀን ፈረንጆቹ ድንኳን አስነቅለው ሲነሡ፣ ያን ቅባት ፊቷንና አንገቷን ተለቅልቃ የምትውል አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ወደ እኔ መጣች። ለብሳው የሰነበተችውን ወፍራም ሰማያዊ ሹራብ አውልቃ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ እንስራ አዝላ ዳገቱን ወደምትወጣው ትርንጎ አመለከተችኝ። ክንዶቿን እያሻሸች ብርድ የሚል ምልክት አሳየችኝ፣ እንደገናም ወደ ትርንጎ አመለከተች። ገብቶኛል። አባቴ ምሳውን ጨርሶ አገልግሉ ባዶ ነበርና፣ ሰው አለማየቱን አረጋግጬ ሹራቡን ጠቅጥቄ ከደንኩት።

በቅሎዎቹ ሲንቀሳቀሱ ፈረንጇ ዞር ብላ ለትርንጎ እጇን አወዛወዘች፣ ክንዶቿንም አሻሽታ ሳቀች። ትርንጎ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እጅ ነሣች። ይህን ሁሉም አየ፤ ፈረንጇ ያለ ሹራቧ መሄዷንም ሁሉም አየ።

«ሹራቡን አምጪና ሸራው ላይ አስቀምጪው» አላት አቶ ውብነህ።

«የምን ሹራብ?»

«ታዲያ እጅ የነሣሽው ለማን ነው? ለበቅሎዋ?»

ሰዎቹ ሳቁ። ትርንጎ እንስራዋን ሳታወርድ «ልጆቼን ይንሣኝ፣ አላየሁም» አለች።

«ልጆችሽን ተያቸው። ከሸራው የሰረቀ እዚህ አይሠራም፤ እንስራውን አስቀምጪና ውረጂ።»

ከባርኔጣው ውስጥ የእሷን ጠጠር ለቅሞ ወረወረውና «ነይ የባለ እጅ ልጅ» ብሎ ጠራኝ። አገልግሉን ከእግሬ ሥር አድርጌ ዕጣ ማንሣት ጀመርኩ። አንዱንም አላሳሳትኩም። ለብዙ ዓመት፣ ዝም ያልኩት በቅሏ ስላላጠጣችኝ ነው እል ነበር። ውሸቴን ነው። ዝም ያልኩት ሹራቡን ስለፈለግኩት ነው።

ቤት ወስጄ ከጎታው ኋላ ወሸቅኩት። እንዳላጥበው፣ የት አሰጣዋለሁ? ማታ እናቴ በሩ ላይ ቆማ አየሩን አሸተተችና «ቤቱ ፈረንጅ ፈረንጅ አለኝ» አለች።

«ከኔ ልብስ ነው» አላት አባቴ።

ከወንዝ መመለሱ ነበር፤ ከጠጉሩ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር፣ ልብሱም የታጠበ ነበር። እናቴ ወደ ምድጃዋ ተመለሰች። እሱ ወደ እኔ አላየም፣ ባለማየቱም እንዳወቀ አወቅሁ።

ሰኔ ገብቶ ፈረንጆቹ ሲቀሩ፣ ብርድ ብርድ ሲለኝ እጄን ወደ ጎታው ኋላ ብሰድ ሹራቡ የለም። አባቴ ወደሚቀጠቅጥበት ጎጆ ስገባ የተቃጠለ ሱፍ ይሸት ነበር። ወናፉን ሳያቆም «አመዱን አውጥተሽ ድፊ» አለኝ። ለትርንጎ ልስጣት ቢል ስሜን መጥራት ነበረበት፤ ስለዚህ እኔን ሸፍኖ እሷን ተዋት። በዚያው ክረምት ልጆቿን ይዛ ወደ ቆላ፣ ወደ ዘመዶቿ ወረደች ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም፣ አልጠየቅሁምም።

ታላቅ ወንድሜ ጌጡ የሚኖረው እዚሁ አፉላ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ማዶ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ቤቴ መጥቶ ልጆቹን ይሰበስብና «እኛን ቡዳ ይሉን ነበር፤ ሌባዋ ግን የእነሱዋ ትርንጎ ነበረች። አባታችን አንድ መርፌ እንኳ የሰው አላስገባም» ይላቸዋል። ይህን መጻፍ የጀመርኩት እሱን ላሳፍርበት ብዬ ነበር። ብዙ የሚያስከፋ ነገር አድርጎብኛል፤ በዚህ ነገር ግን አልበደለም፣ የሚያወራው እኔ ያስያዝኩትን ውሸት ነው።

እኔም የሥራዬን ያገኘሁ መስሎኝ የኖርኩበት ጊዜ አለ። ሃያ ዓመት መሀል ከተማ ቢሮ ሳጸዳ፣ የበዓል ሰሞን ቋሚ ሠራተኛው የስጦታ ሣጥኑን ታቅፎ ሲወጣ፣ እኛ የኮንትራቶቹ መጥረጊያችንን ይዘን መንገድ እንለቅ ነበር። ጓደኞቼ ያጉረመርሙ ነበር። እኔ አንድም ቀን አፌን አልከፈትኩም።

ሺራ ሻንጣዋን ስትዘጋ አንድ ግራጫ ሹራብ ከላይ ነበር። «ለምትሰጫት ሴት ራስሽ፣ ሰው እያየ፣ በእጇ ስጫት። በልጅ አትላኪ» አልኳት።

«ሳብታ፣ አሮጌ ሹራብ እኮ ነው።»

«ስሟንም ጠይቂ።»

ግራ ገብቷት አየችኝ፣ ግን እሺ አለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ በስልኬ ፎቶ ላከችልኝ፤ አንዲት የካምፕ ምግብ አብሳይ ግራጫውን ሹራብ ለብሳ፣ ጓደኞቿ ከኋላዋ ቆመው ይስቃሉ። ከሥሩ ሺራ ስሟን ጽፋልኛለች። ፎቶውን በጣቴ እያሰፋሁ እጅጌውን አየሁት፤ ልክ ሆኗታል።

ባለፈው በዓል ጌጡ እንደ ልማዱ ያን ታሪክ ጀመረ፣ ሺራም አጠገቡ ነበረች። «ትርንጎ ማን ናት?» ብላ ጠየቀችው። «ሌባ ነበረች» አላት። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነው ይባልልኝ፤ ዛሬ አሮጊት ነኝ፣ የምፈራው ሰውም የለኝም። ጌጡ ብርጭቆውን ዘረጋልኝ፣ ሻዩን ቀዳሁለት።