በገመዴ ላይ የጨመርኳት ቋጠሮ

በቀን ቆጠራ ዛሬም ማንም አይረታኝም። አንድ ጊዜ ተረትቻለሁ፤ ይበቃኛል።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስን ከያዘ በኋላ መንደራችን ተቃጠለና አምስት ቤተሰብ ሆነን ከገደሉ ሥር ካለ ዋሻ ገባን። እኔ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ልጃገረድ ነበርኩ። ክረምት ስለሆነ ጉሙ ፀሐይም ጨረቃም አያሳይም። ጾሙንና በዓሉን የሚነግሩን የንስሐ አባታችን ነበሩ። እኔም ለራሴ፣ በመሸ ቁጥር፣ በአንድ ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ እቋጥር ነበር።

አባን ንዳድ ያዛቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃ ይዤላቸው ስሄድ፣ ከእንቅልፋቸው ነቅተው የጠዋቱን ጸሎት ሲያደርሱ ሰማኋቸው። የነጋ መስሏቸዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆጠራቸው ከገመዴ በአንድ ቀን ቀደመ።

ነገሩ የከፋው ጨው ሲያልቅብን ነው። ገበያው የሚቆመው ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ መንገዱ በሰው ስለሚሞላ የኬላው ጠባቂዎች ሁሉንም አይመረምሩም፤ በሌላ ቀን ብቻዋን የተገኘች ሴት ግን አለቀላት። እናቴ ወርዳ በቅቤ ጨው ልትለውጥ አሰበች።

"ነገ እኮ አርብ ነው" አልኳት።

"አባ ቅዳሜ ነው ብለዋል።"

"አባ በንዳዱ አንድ ቀን ጨምረዋል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

ዋሻው ሁሉ ተነሳብኝ። ቄስ ልታርሚ ነው ወይ ያላለኝ የለም። አባ ግን አልተቆጡም። "ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሰው ተሳስቶ አንቺ ብቻ ልክ ትሆኛለሽ?" አሉኝ። አነጋገራቸው መለስለሱ ከቁጣ የባሰ ጎዳኝ። ምናልባት አንዱን ምሽት መቋጠር ረስቼ ይሆናል ብዬ ገመዴን አየሁት። እውነቱን ልናገርና፣ አልረሳሁም ነበር፤ ብቻዬን መቆሙ ነው የሰለቸኝ። አንድ ቋጠሮ ጨመርኩና "ልክ ናችሁ" አልኩ።

እናቴ በማግስቱ ጠዋት ወርዳ ሳትመለስ አደረች። እኔም እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የመጣችው በሁለተኛው ቀን፣ ሊመሽ ሲል፣ ጨው ይዛ ነው።

መንገዱ ጭር ብሎ ነበር የጠበቃት። የኬላው ባንዳ "ገበያው ነገ፤ የማን ሰላይ ነሽ?" ብሎ አሰራት። አርብ መሆኑን ስታውቅ፣ ከባንዳው ይልቅ ጠዋት የጠጣችው ወተት አስጨነቃት። በማግስቱ ገበያተኛው ሲደርስ ባንዳው "ይህችን የሚያውቃት አለ?" ብሎ ጮኸ። ጌሾ የተሸከመች አንዲት ሴት "ጎረቤቴ ናት" አለች። ከኋላዋ ያሉትም "እናውቃታለን" አሉ። አንዳቸውም አይተዋት አያውቁም። ለቀቃት።

እውነት ማለት ሰው የተስማማበት ነው የሚሉ አዋቂዎች ዛሬ አጋጥመውኛል። "አርብ" ያለውስ ሰው አይደለም ወይ ይሉኛል። ስሙንማ ሰው ያውጣው። ፀሐይ ስንት ጊዜ እንደወጣች ግን ማንንም አትጠይቅም። እኛ ዋሻ ውስጥ በአንድ ቃል ተስማምተን ነበር፤ ኬላው ላይ ቀኑ አርብ ሆኖ ዋለ። እነዚያ ሴቶችም ባንዳውን አሳመኑት እንጂ እናቴ ጎረቤታቸው አልሆነችም። እግዜር ይስጣቸው፣ ውሸታቸውን እስክሞት እመርቀዋለሁ።

አባ ይህን ሲሰሙ ከእናቴ እግር ሥር ወደቁ። "ልጅሽ ነግራኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ" አሏት።

እሷ ግን ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም።

"አባን አምኜ አልሄድኩም" አለችኝ። "አንቺ 'ልክ ናችሁ' ስትይ ነው የተነሳሁት።"

ገመዴን አውጥቼ ያቺን ቋጠሮ ልፈታ ተቀመጥኩ። አጥብቄ ኖሯል ያሰርኳት፤ በጥርሴ ነው የፈታኋት።