እንዳልደነግጥ ብለው

በሆስፒታላችን የስትሮክ ሕክምናውን የማስተባብረው እኔ ነኝ። ሥራዬ ከሰዓት ጋር መሽቀዳደም ነው። የአንጎሉ ደም ሥር የተዘጋበት ሰው ቶሎ ከደረሰ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ከዘገየ ግን መድኃኒቱ ራሱ ሊገድለው ስለሚችል አይሰጠውም። ስለዚህ ከአምቡላንስ የወረደ በሽተኛ አልጋ ፍለጋ ሳይንከራተት በቀጥታ አንጎሉ ወደሚነሣበት ሲቲ ምርመራ እንዲገባ አደረግሁ። ለዚህ ስል ያልተጨቃጨቅሁት ሐኪም የለም። አፈ ክፉ ይሉኛል፤ ይበሉ። ከሆስፒታሉ በር ወዲህ የሚባክን ጊዜ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነጠላቸውን እንደለበሱ ቢሮዬ ገቡ። ኔታንያ ከተማ፣ ኤይን ሀትኽሌት በሚባል ሰፈር ከእናቴ ጋር አንድ ሕንፃ ላይ ነው የሚኖሩት። የመጡት በአውቶቡስ ነው፤ ማዕከላዊ ጣቢያው ላይ ወርደው ሌላ እስኪመጣ ብዙ ጠብቀዋል። ተቀመጡና ስለ ልጆቼ ጤና ጠየቁኝ። ቀጥለውም፣ “ምሳ በልተሻል?” አሉኝ። አልበላሁም። “እንግዲያ ይችን ቅመሽ” ብለው ከፌስታል ዳቦ አወጡ።

ዳቦውን አልተቀበልኳቸውም። እኛ ከአገር ቤት የመጣን ሰዎች ዘንድ ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ በእግሩ ሄዶ፣ ሰውየውን አስቀምጦ፣ እህል አስቀምሶ ነው የሚያረዳው።

“እናቴ ሞተች?” አልኳቸው።

“ኧረ እግዜር ይጠብቃት። ጠዋት አፏ ጠመም፣ እጇም ዛል አለባትና አስተኛናት።”

ጠዋት አሉኝ። አምቡላንስ እየጠራሁ ወደ ታች ሮጥኩ። እናቴ ስትደርስ ባልደረቦቼ እንደዚያ ቀን ፈጥነው አያውቁም፤ ያስተማርኳቸውን አንዲት ነገር አላጓደሉም። ሐኪሙ ምስሉን አይቶ ዝም አለ። ጊዜው አልፎ ነበር። ብዙ ቤተሰብ ፊት ቆሜ የተረጎምኩትን ዝምታ ለራሴ መተርጎም አቃተኝ።

አጎቴን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋቸውና በሰው ፊት ተቆጣኋቸው። “ስልክ የለዎትም?”

“ስልኩንማ አንስቼ ነበር” አሉ አንገታቸውን ደፍተው። “እናትሽ በደኅናው እጇ ያዘችኝ። ‘አቮዳ፣ ሥራዋ ላይ ናት፣ ትደነግጥብኛለች። ሄደህ ቀስ ብለህ ንገራት’ አለች። ወዲያው ምላሷ ተሳሰረ።”

ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

አሁን በኔታንያ ምኩራቦች እየዞርኩ አዛውንቶቻችንን አነጋግራለሁ። መጀመሪያ አምቡላንስ ጥሩ፣ ከዚያ ለልጆቻችሁ ደውሉ፣ ይደንግጡ፣ ድንጋጤ ያልፋል እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ እየራሩልኝ ያዳምጡኛል፤ ለምን ቀደም ብዬ እንዳልመጣሁ የሚጠይቀኝ የለም። እኔ ግን በየመንገዱ ራሴን እጠይቃለሁ።

እናቴ ከዚያ ወዲህ አልተናገረችም። የመጨረሻ ንግግሯ ስለ እኔ ነበር፤ የሰማሁት ግን ከአጎቴ አፍ ነው።